ሩብ ግራም የማይሞላ ችንካር

ከፊቴ ያለው ታጣፊ ምላጭ የሼፊልድ ሥራ ነው። ከተሠራ መቶ ዓመት አልፎታል። ስለቱ ዛሬም ጺም ያነሳል፤ ከቀንድ የተሠራው እጀታው ግን ማጠፊያው አጠገብ ተሰንጥቋል። የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። ስለቱ ላልቶ ሲወዛወዝብኝ የድሮውን የናስ ችንካር አወጣሁና፣ ይኼኛውስ ዕድሜ ልኩን ይቆይ ብዬ በማይዝግ ብረት ተካሁት። የችንካሩ ራስ አልሰፋ ሲለኝ መዶሻዬን አበረታሁ። ብረቱ ሳይታዘዝ ቀንዱ ቀጭ አለ።

ያ ችንካር ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከናስ ቢሠራ 0.17 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለእንዲህ ያለች ቅንጣት የትኛው ብረት ይሻላል ብሎ መከራከር የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። አሮጌ ምላጭ የሚጠግኑና አዲስ እጀታ የሚሠሩ ሰዎች ግን ስለ ስለቱ የሚነታረኩትን ያህል በዚህችም ይነታረካሉ። ንትርኩ የሚነሳው ብዙ ጊዜ እኔ ከተሳሳትሁበት ቦታ ነው፤ ጠንካራ ብረት ሁሉ የተሻለ ብረት ነው ከሚለው ግምት።

ዕቃውን በቅርብ ላላየው ሰው አሠራሩን ላስረዳ። ስለቱ በሁለት ስስ የእጀታ ጎኖች መካከል ይታቀፋል። ከእጀታው ግርጌ በሁለቱ ጎኖች መሃል ትንሽ ሽብልቅ ይገባል፤ በድሮዎቹ የሼፊልድ ቀንድ እጀታዎች ላይ ሽብልቁ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ ነው። አንዱ ችንካር በስለቱ ጭራ ላይ ባለች ቀዳዳ ያልፋል፤ ምላጩ የሚዘረጋውና የሚታጠፈው በእሱ ዙሪያ ነው። ሌላው ሽብልቁን ከጎኖቹ ጋር ይሰፋል። አንዳንዱ እጀታ መሃል ላይ ሦስተኛ አለው። ብሎን የለ፣ ሙጫ የለ፤ የሚያስረው በመዶሻ ተመትቶ የሰፋው የችንካሩ ራስ ነው። ሽብልቁ በአንድ ወገን ቀጭን፣ በሌላው ወፍራም ስለሆነ ጎኖቹን እንደ ቀስት ትንሽ ያጎብጣቸዋል። ስለቱን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው ያ ውጥረት ነው፤ ችንካሩ ደግሞ ውጥረቱን ተሸክሞ ይኖራል።

የእነዚህ ምላጮች አገር በዋናነት ሁለት ከተሞች ናቸው፤ የእንግሊዙ ሼፊልድና የጀርመኑ ሶሊንገን። የፈረንሳዩ ቲዬርና የስዊድኑ ኤስኪልስቱና ይከተላሉ። ሼፊልድ ስሙ የገነነው ከ1740ዎቹ በኋላ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ቤንጃሚን ሃንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አቅልጦ አንድ ወጥ የሆነ አረብ ብረት ማውጣት ከቻለ ወዲህ ማለት ነው። ሥራው በእጅ የተከፋፈለ ነበር። አንዱ ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ይሞርዳል፣ አንዱ እጀታ ይገጥማል። ስለቱን የሚስለው ሰው ሲወደስ ኖሯል፤ ሽቦ እየቆረጠ ችንካር የሚመታውን ማንም አላነሳውም። ዛሬ አሮጌ ምላጭ የሚጠግን ሰው ግን በየቀኑ የሚገናኘው ከዚህ ስሙ ካልታወቀ ገጣሚ ጋር ነው።

የጥንካሬውን ጉዳይ በቁጥር እንገላገለው። የ1.6 ሚሊ ሜትር ዘንግ ተቆርጦ ፊቱ ሲለካ 2 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ናስን በአግድም ለመበጠስ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 200 ኒውተን ገደማ ያስፈልጋል። ችንካሩ በስለቱ ግራና ቀኝ ስለሚያዝ ሁለት ቦታ መበጠስ አለበት፤ ድምሩ 800 ኒውተን፣ ማለትም የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት። ጺም ሲላጭ በምላጭ ላይ ይህን ያህል ጉልበት የሚያሳርፍ ካለ ችግሩ ከችንካሩ አይደለም። ለስላሳ የሚባለው መዳብ እንኳ በዚህ መለኪያ ይበቃል።

እንግዲህ የብረቱ ምርጫ በሌሎች ሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው፣ ራሱ በመዶሻ ሲመታ ሳይሰነጠቅና እጀታውን ሳይጎዳ ይሰፋል ወይ? ሁለተኛው፣ ነገ ሲላላ ወይም ሲዝግ ይወጣል ወይ? ቀንድ በእርጥበት ይነፋል፣ በድርቀት ይኮማተራል፤ እንጨትም እንዲሁ። ብረቱ ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ማንኛውም ምላጭ ውሎ አድሮ ይላላል። ይህን ተቀብሎ የሚጀምር ሰው፣ ከሦስቱ ክፍሎች ቀድሞ መሸነፍ ያለበት ችንካሩ መሆኑ ይገባዋል። ስለቱ አይተካም፣ እጀታው በብዙ ድካም ይተካል፣ ችንካሩ በሳንቲም ይተካል።

ናስ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በዚህ ሥራ የሰነበተው ለዚህ ነው። ግን «ናስ» አንድ ብረት አይደለም፤ የብዙው ሰው ስህተት ከዚህ ይጀምራል። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። ዚንኩ እስከ 37 ከመቶ ገደማ ድረስ ሲሆን ቀዝቃዛውን ብረት እንደ ልብ መቀጥቀጥ ይቻላል። ከዚያ ሲያልፍ በውስጡ ሌላ ጠጣርና ተሰባሪ የሆነ አካል ይፈጠራል። ለምላጭ ምርጡ 70 ከመቶ መዳብና 30 ከመቶ ዚንክ የሆነው ነው፤ የጥይት ቀለህ የሚሠራበት ናስ። ቀለህ ከጠፍጣፋ ቁራጭ ተስቦ ረጅም ኩባያ የሚሆን ነገር ነው፤ ያን ያህል መጎተት ችሎ የማይቀደድ ብረት የችንካር ራስ መሆን አያቅተውም።

ገበያ ላይ በዘንግ መልክ በብዛት የሚገኘው ግን ይህ አይደለም። ለቶርኖ ተብሎ የሚሠራው ነው። በውስጡ እስከ 3 ከመቶ የሚደርስ እርሳስ ይጨመርበታል። እርሳሱ ከናሱ ጋር አይዋሃድም፤ እንደ ጤዛ ጠብታ ተበታትኖ ይቀመጣል። ቶርኖ ላይ ሲላጭ ፍቅፋቂው በየጠብታው እየተሰበረ ስለሚወጣ ለማሽን ሠራተኛ ሲሳይ ነው። መዶሻ ሲያርፍበት ግን እያንዳንዷ ጠብታ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። ራሱ መስፋት ሲጀምር ዳር ዳሩ እንደ ኮከብ ይተረተራል። ሰውየው መዶሻውን ይለውጣል፣ አመታቱን ይለውጣል፤ ጥፋቱ ግን ከጅምሩ የገዛው ዘንግ ላይ ነው።

ትክክለኛው ናስም ቢሆን ከሱቅ ሲወጣ ግማሽ ጠጣር ነው፤ ዘንጉን ለማቅጠን ሲጎትቱት ጠንክሯል። ማለስለስ ቀላል ነው። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ በጋዝ ነበልባል ደብዛዛ ቅላት እስኪያሳይ ማሞቅ፣ ከዚያ መተው ብቻ። በደማቅ ብርሃን የሚያሞቅ ሰው ያን ቅላት ስለማያየው ያልፈዋል፤ ዘንጉም በእጁ ላይ ይቀልጣል። እኔ ሙሉውን ዘንግ አላለሰልስም። ጫፉን ብቻ አሞቃለሁ፤ መሃሉ ጠጠር ብሎ ቢቀር ማጠፊያው ቶሎ አይበላም።

ናስ ሌላ የተደበቀ ጠላት አለው። የብሪታኒያ ጦር በሕንድ ሳለ በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አጠገብ የተከማቹ የጥይት ቀለሆች ማንም ሳይነካቸው ተሰንጥቀው ይገኙ ነበር። ምክንያቱ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። በመቀጥቀጥ ወይም በመሳብ ውጥረት የቋጠረ ናስ አሞኒያና እርጥበት ሲያገኘው በገዛ ውጥረቱ ይተረተራል። የምላጭ ችንካር ራስ ደግሞ ከዚህ በላይ የተወጠረ ናስ የለም ሊባል የሚችል ነገር ነው። ብዙዎቹ የናስ መወልወያ ፈሳሾች አሞኒያ አለባቸው። የአያቱን ምላጭ ቢጫው እንዲያበራ በየሳምንቱ በዚያ የሚወለውል ሰው ውበቱን እየጠበቀ ችንካሩን እየገደለ ሊሆን ይችላል። በደረቅ ጨርቅ ቢያሸው ይበቃዋል፤ ጭራሽ ባይወለውለውና ቢጠቁርለትስ ምን ይጎድለዋል?

ከናስ ቀጥሎ የሚነሳው «የጀርመን ብር» የሚባለው ነው። በስሙ ብር ይኑር እንጂ በውስጡ የብር ዘር የለም። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ መዳቡ 60 ከመቶ ገደማ፣ ኒኬሉ ከ10 እስከ 18። ቻይናውያን ፓክቶንግ ብለው ከረጅም ጊዜ በፊት ሲሠሩት ኖረዋል። በ1823 ሽኔበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ኤርንስት አውጉስት ጋይትነር የቅልቅሉን ምሥጢር ደርሶበት አርጀንታን ብሎ ሸጠው። በዚያው ዓመት አካባቢ በርሊን ውስጥም ተሠርቷል። ቀለሙ ከስለቱ ጋር ስለሚስማማ ለጥቁር ቀንድና ለነጭ እጀታ እጅግ ያምራል። ከናስ ይጠጥራል፣ ቶሎም ይጠነክራል። ስለዚህ ቀድሞ ማለስለስ ግዴታ ነው፤ ሙቀቱም ከናስ ከፍ ይላል። ቀይ ሆኖ ሳለ ውኃ ውስጥ የሚነክረው ሰው ሊያሰነጥቀው ስለሚችል በአየር ይቀዝቅዝ። ኒኬል ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው ካለ ይህን ይተው። በእኔ ግምት ለሠለጠነ እጅ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ ለጀማሪ ግን ናስ።

ብረትስ? ተራው ብረት በዚህ ሥራ ከናስም ይቀድማል። የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ምላጮች ብዙዎቹ የብረት ችንካር አላቸው፤ ከሶሊንገን የወጡ በኋለኛው ዘመን የተሠሩ ምላጮችም የብረት ችንካር ከናስ ሮንዴላ ጋር ይዘው ይገኛሉ። ለስላሳ ብረት መዶሻን የሚወድ ነው። የኛ አገር አንባቢ ናሙናውን ለማየት ሩቅ መሄድ የለበትም። ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ በእሳት ለስልሶ የተሠራ ንጹሕ ለስላሳ ብረት ነው፤ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ባለው መካከል ይወድቃል። ለሙከራ ራሱን ብትመቱት እንደ ሊጥ ይሰፋል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ይዝጋል። ዝገቱ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ሳሙናና ውኃ በማጠፊያው ጠባብ ክፍተት ገብቶ ይቀራል፤ ብረቱ ሲዝግ ስለሚያብጥ ቀዳዳው ውስጥ ይነክሳል፣ በመጨረሻም ቀንዱን ከውስጥ ይገፋዋል። ብዙ የድሮ እጀታዎች በችንካሩ ቀዳዳ ዙሪያ የተሰነጠቁት በዚህ ነው።

ሚስማር ቆርጦ ችንካር ማድረግ የሚቀናው ሰው ብዙ ነው። ሚስማር ተስቦ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ቀድሞ መለስለስ አለበት። የዚንክ ልባስ ያለውን ግን በእሳት አትንኩት፤ ጭሱ ያሳምማል። የስፌት መርፌና የክራር ብረት ጅማት ደግሞ ጭራሽ የማይታሰቡ ናቸው። ከመስፋታቸው በፊት ይሰበራሉ።

የማይዝግ ብረት ላይ ስደርስ ጥፋቴን ማብራራት ይገባኛል። የማይዝግ ብረት ራሱ የሼፊልድ ልጅ ነው፤ ሃሪ ብሬርሊ በ1913 ያቀለጠው። ዛሬ በዘንግ መልክ የምንገዛው ግን የእሱ ዓይነት ሳይሆን ኒኬል የበዛበት፣ ማግኔት የማይስበው ነው። ይህ ብረት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ምቶች ተስፋ ይሰጣሉ። ራሱ ትንሽ ሰፋ ይላል። ከዚያ በኋላ መዶሻው መንጠር ይጀምራል፤ ጉልበቱም ራሱን ከማስፋት ይልቅ ወደ ታች ወርዶ የችንካሩን ወገብ ያሳብጠዋል። ያበጠው ወገብ ያለው ቀንድ ውስጥ ነው። ቀንድ ደግሞ ከውስጥ ሲገፉት እንደ ማገዶ በአሰሩ ይፈለጣል። በጥንቃቄ፣ በቀላል መዶሻና በብዙ ትዕግሥት የሚሳካላቸው ባለሙያዎች አሉ። ለምን እንደሚደክሙ ግን አይገባኝም፤ ውኃ እንዳይጎዳው ከሆነ የጀርመን ብርም ውኃ አይጎዳውም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። መዳብ ራሱ ውብ ሆኖ ይሰፋል፣ ግን ማጠፊያ ላይ በዓመታት ይበላል፤ ለሽብልቁ ወገን ይሁን። የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ ለመጠቀም ያሰበ ሰው ልኩን ይወቅ፤ 1.5 ካሬ የሚባለው አንድ ወጥ ሽቦ ውፍረቱ 1.38 ሚሊ ሜትር፣ 2.5 ካሬው 1.78 ነው። አንዱ ይሰፋበታል፣ ሌላው አይገባለትም። አሉሚኒየም ለስላሳና ርካሽ ሆኖ ሳለ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የምላጭ ሳሙና አልካሊ ስለሆነ ይበላዋል፣ ከአረብ ብረት ጋር እርጥበት ውስጥ ሲነካካም ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ቲታኒየም በንጹሕነቱ ይቀጠቀጣል፣ ለአውሮፕላን የሚሠራው ቅልቅል ግን ፈጽሞ። ወርቅ ይቻላል፤ ያለው ሰው ያድርገው።

ብር ለብቻው አንድ ቃል ይገባዋል። 92.5 ከመቶ የሆነው ብር መዶሻ ሥር ጠባዩ ከናስ የተሻለ ነው፤ መጥቆር ብቻ ነው ነውሩ። የኛ አንጥረኞች ለመስቀልና ለጌጥ ሲያቀልጡት የኖሩት ጠገራ ብር፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ 83.3 ከመቶ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ከእሱ የተጎተተ ሽቦ ከንጹሕ ብር ጠጠር ይላል። ለችንካር ሆን ብሎ የተቀመመ ይመስላል።

ሰው የማይጠብቀው ግን ጥሩ ምንጭ የአርጎን ብየዳ ቤት ነው። ለአርጎን ብየዳ የሚሸጡ የመሙያ ዘንጎች ከሚሠሩባቸው መደበኛ ውፍረቶች አንዱ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የምላጭ ችንካር ልክ። ከእነሱ ውስጥ መዳብ ላይ 3 ከመቶ ገደማ ሲሊከን የተጨመረበት ዘንግ አለ። ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ወርቅማ ነው፤ እርሳስ የለበትም፤ ከለሰለሰ በኋላ ራሱ ሳይሰነጠቅ ይሰፋል፤ አይዝግም። አንድ ሜትር ዘንግ ዕድሜ ልክ ይበቃል። እዚያው መደርደሪያ ላይ ያሉትን የማይዝግና የአሉሚኒየም ዘንጎች ግን ልኩ ስለተስማማ ብቻ አንሥቶ መምጣት አይገባም፤ እኔ ያደረግሁት እሱን ነው።

ስለ ልክ ካነሣን፣ የተለመደው ውፍረት የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው፤ 1.59 ሚሊ ሜትር። ነገር ግን የድሮዎቹ የእንግሊዝ ሠራተኞች ሽቦ የሚገዙት በኢንች ክፋይ ሳይሆን በሽቦ ቁጥር ነበር። በ1884 በሕግ በጸናው የእንግሊዝ መለኪያ 16 ቁጥር ሽቦ 1.63 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአሮጌው የበርሚንግሃም መለኪያ ያው 16 ቁጥር 1.65። ልዩነቷ የጸጉር ያህል ብትሆንም በማጠፊያ ላይ ትታወቃለች። በካሊፐር ሳይለኩ አዲስ ዘንግ መግዛት ስለዚህ አያዋጣም። ችንካሩ በስለቱ ቀዳዳ ውስጥ በጣት ግፊት መግባት አለበት፣ ግን መንቀጥቀጥ የለበትም። ለ1.59 ዘንግ 1.6 ፑንታ ይሠራል። የስለቱ ቀዳዳ በዝገት ሰፍቶ ከሆነ ወፍራም ችንካር ከመፈለግ ይልቅ ቀዳዳውን ክብ አድርጎ ቀጭን የናስ ቱቦ ማልበስ ይሻላል። ወፍራም ችንካር ማለት በእጀታው ላይ ሰፊ ቀዳዳ ማለት ነው፤ የእጀታው ጫፍ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ሥጋ የለውም።

ሮንዴላ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ግማሹን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። የመዶሻውን ጉልበት በሰፊው ታከፋፍላለች፣ ራሱ ወደ ቀንዱ ሰምጦ እንዳይገባ ትከለክላለች። የሼፊልድ ሠራተኞች ትንሿን ጉብ ያለች ሮንዴላ በሰፊዋ ላይ እየደረቡ ዓይን የሚመስል ጌጥ አድርገዋታል። የሮንዴላውና የችንካሩ ብረት አንድ ቢሆን መልካም ነው። ካልሆነም ሮንዴላው ጠጠር፣ ችንካሩ ለስለስ ይበል እንጂ በተገላቢጦሽ አይሁን። በስለቱና በእጀታው ጎን መካከል የምትገባ ሌላ ስስ ሮንዴላም አለች፤ ስለቱ ቀንዱን እየፈገፈገ እንዳይበላው።

ሁለት የተለያዩ ብረቶች በሳሙና ውኃ ውስጥ ሲነካኩ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። ከናስና ከአረብ ብረት የሚበላው ብረቱ ነው፤ ማለትም ስለቱ። በዚህ ምክንያት ናስን የሚፈሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ፍርሃቱ የተጋነነ ነው። ናሱ ትንሽ፣ ስለቱ ትልቅ ስለሆነ ጉዳቱ በሰፊ ቦታ ተከፋፍሎ ይሳሳል። በተቃራኒው ትንሹ ችንካር ተበይ፣ ትልቁ ስለት ጠንካራ ወገን ሲሆን ነው አደጋው፤ አሉሚኒየምን የኮነንሁት በዚህም ጭምር ነው። መድኃኒቱ ምላጩን አድርቆ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የማዕድን ዘይት ማድረግ ነው። የማዕድን ዘይት ያልሁት በምክንያት ነው። የምግብ ዘይትም ሆነ ለጋ ቅቤ በውስጡ ያለው የስብ አሲድ ከመዳብ ጋር ተዋሕዶ እንደ ሰም ያለ አረንጓዴ ነገር ይፈጥራል። በአሮጌ ምላጭ ሮንዴላ ሥር የሚታየው አረንጓዴ እድፍ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የሴሉሎይድ እጀታ ግን ሌላ ሕግ አለው። ሴሉሎይድ ከናይትሮሴሉሎስና ከካፉር የሚሠራ የመጀመሪያው ዘመን ፕላስቲክ ነው፤ የአሌክሳንደር ፓርክስ ፓርከሲን በ1862 ለንደን ላይ ለዕይታ ከቀረበ፣ ጆን ዌስሊ ሃያት ደግሞ በ1870 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ካወጣበት በኋላ የዝሆን ጥርስና የኤሊ ልብስ የሚመስሉ ብዙ እጀታዎች ከእሱ ተሠሩ። ሲያረጅ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ የሚያወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ናይትሪክ አሲድ ይሆናል። ያኔ ናሱም የጀርመን ብሩም ይወይባል፣ ስለቱም እጀታው በሚሸፍነው በኩል ብቻ በዝገት ይቆፈራል። እንዲህ ያለ ምላጭ ያገኘ ሰው የችንካር ዓይነት ሲመርጥ ጊዜ አያጥፋ። እጀታውን አውልቆ ይጣል። ሴሉሎይድ እንደ ክብሪት ስለሚቀጣጠል ችንካሩን በእሳት አሙቆ ለማውጣት እንዳይሞክር ብቻ።

ስለ አመታቱ፦ ከሮንዴላው በላይ ተርፎ የሚወጣው ጫፍ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይብቃው። ከበዛ ከመስፋት ይልቅ ይጎብጣል። መዶሻው ክብ ፊት ያለው፣ ከመቶ ግራም ብዙ የማይበልጥ ይሁን። መሃሉን ሳይሆን ዳር ዳሩን፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ቀስ እያሉ መምታት፤ ጥቂት ምት ከዚህ፣ ገልብጦ ጥቂት ምት ከዚያ። አንድ ራስ ሃምሳና መቶ ምት ቢወስድ አይገርምም። በየጥቂቱ ስለቱን ማጠፍና መዘርጋት፤ በፈለጉበት አንግል ሲያቆሙት ከቆመ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚታከል ምት ሁሉ ለስንጥቅ ነው።

በመቀጥቀጥ ፈንታ በብሎን ማሰርም ይቻላል። 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 0.35 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያላቸው ደቃቅ ብሎኖች በመደበኛ ልክ ይሠራሉ፤ አሜሪካውያን ደግሞ 1.52 ሚሊ ሜትር የሆነ የራሳቸው ልክ አላቸው። እጀታው ሳያልቅ ገጥሞ ለመሞከር ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ስለቱ መሃል ለመሃል መግባቱን፣ ሽብልቁ መብቃቱን አይቶ፣ ፈትቶ፣ አርሞ መግጠም ነው። እንደ ቋሚ ማሠሪያ ግን አልወደውም፤ ምላጭ በቀን ደጋግሞ ስለሚዘረጋና ስለሚታጠፍ ዳዶው ቀስ እያለ ይፈታል፣ ጥርሱም የስለቱን ቀዳዳ ይሞርዳል።

ታጣፊ ምላጭ ወደ ኢትዮጵያ እንደ ጎራዴ አልገባም። ጎራዴው ግን የዚሁ ታሪክ ዘመድ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከተያዙት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው የአውሮፓ ሥራ ነው፤ ከሶሊንገን የመጡ አሉባቸው። እጀታውን ግን የአገሬው ባለ እጅ ከቀንድ ሠራው፤ የከበረው ከአውራሪስ ቀንድ ነው። በብዙዎቹ ላይ የስለቱ ጭራ ቀንዱን አልፎ ከእጀታው ራስ ላይ ተቀጥቅጦ ይታሠራል። ቀንድ ሳይሰነጥቁ ብረት መቀጥቀጥን የሚያውቅ እጅ እዚህም ነበር።

ዛሬ መርካቶ ወርዶ ምናለሽ ተራን የሚያስስ ሰው ቀጭን ዘንግ አያጣም። የሚያጣው የዘንጉን ማንነት ነው፤ ሻጩ «ናስ ነው» ይላል፣ ቢጫ ነውና። ፈተናው ቀላል ነው። ቢጫ ልባስ ያለው ብረት እንዳይሆን በመጀመሪያ ማግኔት ማስጠጋት፤ ከሳበው ናስ አይደለም። ከዚያ አንድ ሳንቲ ሜትር ቆርጦ፣ ጫፉን አለስልሶ፣ ሞርሳ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አስተርፎ ማሠርና ማንኳኳት። ራሱ ዳር ዳሩ ሳይቀደድ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ከሰፋ ዘንጉ ይሆናል። ኮከብ ካወጣ ለቶርኖ የተሠራው ነው፤ ይመለስ። እኔ ይህን ፈተና የጀመርሁት ዘግይቼ ነው።

የሼፊልዱን ምላጭ ስንጥቅ በስስ ሙጫ ሞላሁት፤ ከሩቅ አይታይም። ችንካሩን በናስ ልለውጠው ሁለቴ ሞከርሁ። አሠራሩ ራሱን በሞረድ ማንሣት፣ መሃሉን በፑንታ መብሳትና ቀሪውን መግፋት ነው። የናሱን ያኔ ያወጣሁት በአምስት ደቂቃ ነበር። የማይዝገው ግን በእኔው መዶሻ የጠነከረ ስለሆነ ፑንታው አይነክሰውም፤ ከእሱ እየተንሸራተተ ለስላሳውን ፈልጎ ወደ ቀንዱ ይሄዳል። እዚያው አለ።